ዓሣ አይታረድም

የልጄ የረይሃና ሰርግ በቀረበ ሰሞን ወንድሟ ፋሂም አጠገቤ ተቀምጦ የድግሱን ነገር ያስረዳኝ ጀመር። ድንኳኑ እንዲህ ይሆናል፣ ወንበሩ እንዲህ ይሸፈናል፣ ምግቡን ድርጅት ከነሳህኑ ያመጣዋል፣ አንቺ እጅሽን ውኃ አይነካውም አለኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት።

«የክርስቲያን ድስትስ?» አልኩት።

ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «እሱ ቀርቷል እማዬ። ለክርስቲያን እንግዶች በሩ አጠገብ ኬክና ለስላሳ አለ።»

ኬክና ለስላሳ! ለሸዋረገጥ!

እኛ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ ስንደግስ ሁለት ድስት ነው የምንጥደው። ድግሱ የእስላም ቤት ከሆነ አንድ በግ ለክርስቲያን ጎረቤት ይሰጣል፤ ራሳቸው አርደው፣ ራሳቸው ሠርተው፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ከሰው እኩል ይበላሉ። የክርስቲያን ቤት ከሆነም እንዲሁ ነው። የሸዋረገጥ ልጅ ልዑል ሲያገባ በጉ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አረደው፤ ወጡን እኔ ሠራሁት። ሸዋረገጥ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ ናት። አጥር ስል ቆርቆሮ ነው፤ እሱንም ለመተላለፊያ ብለን ከመሃሉ ፈልቅቀነዋል። ረይሃናን ያማጥኩ ለት መኪና ጠፍቶ ጀርባዬን ደግፋ ያዋለደችኝ እሷ ናት። አሁን የዚያች ልጅ ሰርግ ላይ በሩ አጠገብ ኬክ አስይዘው ሊሸኟት ነው።

«አይሆንም» አልኩት።

«እማዬ፣ ዘመኑ ሌላ ነው እኮ። ሁለት ድስት ስትጥጂ በሁለቱም ወገን ወሬ ነው። የእኛም ሰው ያወራል፣ የእነሱም ሰው ያወራል። ምን አስጨነቀሽ?»

«ሁለት ድስት ካስወራ አንድ ድስት ይሁን። ዓሣ!»

እውነቱን ለመናገር አስቤበት አልነበረም፤ ንዴቱ ነው ከአፌ ያወጣው። ከወጣ በኋላ ግን ደስ አለኝ። ዓሣ አይታረድም። ማን አረደው፣ የማን ስም ተጠራበት የሚባል ነገር የለበትም። ከውኃ ይወጣል፣ ይሞታል፣ በቃ። እኔና ሸዋረገጥ ሽሮና ዳቦ አብረን ስንበላ ነው የኖርነው፤ ድግስ ግን ሥጋ ነውና ድግስ በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ትሪያችን ይለያያል። ዕድሜ ልካችንን በድግስ ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም።

ፋሂም ሳቀ። «በሰርግ ዓሣ? ጅማ ሙሉ ይስቅብናል! ደግሞ እትዬ ሸዋረገጥ ዓሣም ቢሆን ከእስላም ትሪ አይበሉም።»

«ቢበሉስ?»

«ከበሉ አፌን እዘጋለሁ፤ ዓሣ ይሆናል። ወላሂ። ግን እንዳትዋሺኝ።»

«እኔ ልዋሽ!» አልኩት። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልኬ ሄድኩና ለሸዋረገጥ ከኬኩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ኬኩን ስትሰማ የለበሰችውን ሹራብ ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈች። ሲከፋት እንዲህ ናት። ግብርና ቢሮ ስትሠራም አለቆቿ ይህን ያውቁ ነበር።

«ዓሣ እሾህ አለው» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንቺም አለሽ። ችዬሽ ኖሬያለሁ።»

«እንግዲያው ከውኃው ሲወጣ በዓይኔ አይቼ ነው የምበላው። የከተማ ዓሣ አላምንም። ለረይሃና ሰርግ የሚሆን ነገር ከሆነ እዚያው ግድቡ ሐይቅ ዳር ሄደን እንቅመሰው።»

ማክሰኞ ጠዋት ለልጆቹ ሳንናገር በሚኒባስ ወጣን። ሰርቦ ላይ በመንገዱ ዳር የተሰጣው ቡና ገና ቀይ ነበር፤ ሸዋረገጥ በመስኮቱ እያየች የዘንድሮው ጥሩ ነው፣ ይሄኛው ግን ሳይበስል ተለቅሟል እያለች ጡረታ እንዳልወጣ ሰው ትቆጣጠራለች። አሰንዳቦ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ «ግድቡ ጋ ለሽርሽር ነው?» አለን። «ለሰርግ ነው» አልኩት። ዕድሜያችንን አየና ሌላ አልጠየቀም።

ሐይቁ ሰው የሠራው ነው፤ ግድቡ ውኃውን ሳያቆመው በፊት እዚህ ሸለቆ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ውኃው ዳር የዓሣ አጥማጆች መንደር በቅሏል። ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ በእንጨት ላይ የተሰቀሉ መረቦች፣ አፋቸውን ደፍተው የተኙ ጀልባዎች፣ ሽታው ደግሞ ከሩቅ ይቀበላል። ሸዋረገጥ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ ነጠላውን እንደዚያ ራሷ ላይ ጠምጥማ ስትቆም እኔንም እሷንም ያየ ሰው እህትማማች ነው የሚለን። ይህ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣብን።

አንድ ጢሙ ሸበት ያለ ጎልማሳ መረቡን ጥሎ ወደ እኛ መጣ። ሙርሺድ እባላለሁ አለን። «አሰላሙ አለይኩም እናቶቼ! በገ ነጋን ዹፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ማሎ፣ ጥላው ውስጥ ግቡ።»

ለሰርግ ዓሣ እንደምንፈልግ፣ ግን መጀመሪያ መቅመስ እንዳለብን ነገርኩት። ፊቱ በራ። ለሰርግ ሲታዘዝ ይሄ የመጀመሪያው ነው አለ። ጠዋት የተያዘውን መኪና ጭኖት ሄዷል፤ ለራሱ ቤት ብሎ በመረብ ከረጢት ውኃ ውስጥ ያቆየው አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ብቻ ነበረው። እሱን ለእኛ ሊሰጥ ጎትቶ አወጣው። ዓሣው ድንጋዩ ላይ ይዘላል፣ ቅርፊቱ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ሸዋረገጥ ጎንበስ ብላ አየችው። «አሁን ይሄ ዓሣ ነው» አለች። እኔም በልቤ ፋሂምን ጉድ ሠራሁት ብዬ ፈገግ አልኩ።

ሙርሺድ ቢላዋውን መዘዘ። ቅርፊቱን ሊፍቅ ነው ብዬ ነበር። ዓሣውን ወደ ቂብላ አዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር!» ብሎ አንገቱን ቆረጠው።

«ያ ረቢ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን አደረግክ? ቁርጡሚን ሂን ቀለሙ! ዓሣ ይታረዳል?»

ሰውየው ደነገጠ። «አውቃለሁ እናቴ፣ አውቃለሁ። ግን ከከተማ የሚመጣው ሰው ‹ታርዷል ወይ?› እያለ ይጠይቀኛል። አይታረድም ብዬ ማስረዳት ሰለቸኝና እንግዳ ሲመጣ አርደዋለሁ። ለእናንተ ክብር ብዬ ነው። ሁለታችሁም...» አለና የሸዋረገጥን ነጠላ አየ። ከነጠላው ሥር የአንገቷ ማተብ ታየው። ቢላዋውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድኩ አይመስለኝም። በዓለም ላይ ካለው ሥጋ ሁሉ የማይታረደውን መርጬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ባጃጅ ላይ ተንገጫግጬ መጥቼ፣ አረደው! «ሌላ የለህም?» አልኩት። አምባዛ አለኝ አለ፤ ከበርሜል ውስጥ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ ሪዛም ነገር አወጣ። ሸዋረገጥ ገና ስታየው ራሷን ነቀነቀች።

«ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም።»

በቃ። ፋሂም አሸነፈ። እዋሻለሁ እንዳልል አልዋሽም ብዬዋለሁ፤ ሸዋረገጥም ብትሞት አትዋሽም። ረይሃና ስትዳር ያዋለደቻት ሴት በር ላይ ኬክ ይዛ ስትቆም ታየኝ። «ተይው ሸዋዬ» አልኳት። «ጠብሰህ ለልጆችህ አብላቸው በይው። እንሂድ።»

እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ጥበሰው» አለችው ሙርሺድን።

ጠበሰው። ጎኑን ሸንትሮ፣ ጨውና ቃሪያ ነስንሶ፣ ዘይት ውስጥ ጣለው። ወሬው መንደሩ ውስጥ ገብቶ ኖሮ መረብ የሚጠግኑትም፣ ጀልባ የሚደፍኑትም ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ጥላው ተጠጉ። ዓሣው በትልቅ ትሪ ከእንጀራና ከዳጣ ጋር መጥቶ በመሃላችን ተቀመጠ።

ሸዋረገጥ እጇን ታጥባ ሹራቧን እስከ ላይ ቆለፈች። ከዚያ ሙርሺድን በቢሮ ድምፅዋ ትጠይቀው ጀመር።

«ስትቆርጠው በሕይወት ነበር?»

«ይዘል ነበር እናቴ። አይተውታል።»

«ባትቆርጠውስ ኖሮ ይኖር ነበር?»

«የት ይኖራል? ከውኃ ወጥቷል እኮ።»

«እንግዲያው የገደለው ከውኃ መውጣቱ ነው። ቢላዋህ የጨመረበትም የቀነሰበትም ነገር የለም።» ወደ እኔ ዞረች። «የፈጣሪን ስም ጠራ። መጥራቱ ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ ከመብላት ይሻላል። እኔም የራሴን እጠራለሁ።» ትሪው ላይ እጇን ዘርግታ፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታፍር፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብላ አማተበችበት። ከጎኑ ቆርሳ በላች።

ከሰዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷ በልታለች፤ አሁን የተማተበበትን ትሪ የምበላው እኔ ነኝ። ተራው የእኔ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ቢላዋው እሷን ሲይዛት ስናደድ የነበርኩት ሴትዮ፣ መስቀሉ ሲመጣብኝ ለአፍታ እጄ ቀረ። አልዋሽም፣ ቀረ። ሰፈር ውስጥ ማን ምን እንደሚል ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁት።

ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ዓሣ ለእኔ ከነነፍሱም ወጣ ሞቶም ወጣ ሐላል ነው፤ ይህን ቁርአን ቤት ገና በልጅነቴ ነው የተማርኩት። ለፋሂም ላስተምር የመጣሁትን እኔው ራሴ ልረሳው ነው? «ቢስሚላህ» አልኩና እጄን ሰደድኩ። ለራሴ አልጎረስኩም። ከሆዱ በኩል ወፈር ያለውን ቆርሼ፣ እሾሁን በጣቴ ፈትሼ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ ሸዋረገጥ አፍ ወሰድኩት። አፏን ከፍታ ተቀበለችኝ። እሷም አጎረሰችኝ፤ ያውም እንደ ልማዷ አፌ የማይችለውን ያህል። አለቀስኩ። ዳጣው ነው ብዬ አላመካኝም፤ አለቀስኩ።

«እሾህ አለው ወይ?» አለችኝ እያኘከች።

«አለው። ችዬዋለሁ።»

ራሱ ብቻ እስኪቀር በላነው። ሙርሺድ ለሰርጉ ስንት ቢሆን ይበቃል እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሲመክር ቆየና ልንሄድ ስንል እየፈራ ተጠጋኝ። «እናቴ፣ ለሰርጉስ ላርደው ወይስ ልተወው?»

«እንደ ዓሣ አምጣው!» አልኩት። «ስም መጥራት የሰርገኛው ሥራ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይጥራ።»

ሳይመሽ ቤት ደረስን። በሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ሲከፍት ነበር የመጣነው። እጃችንን ዳግመኛ በሳሙና አልታጠብንም፤ ሸዋረገጥ ናት የከለከለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ግቢ ስንገባ ፋሂም ከድንኳን ተካዮች ጋር ቆሟል። እኔን አይቶ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ከኋላዬ እሷን አየና ተወው።

«የት ጠፍታችሁ ነው? ዓሣውን በሉ እንዴ እትዬ?» አላት እየሳቀ።

ሸዋረገጥ ቀጥ ብላ ሄዳ መዳፏን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «አሽት» አለችው።

ወደ ኋላ ሸሸ። «የታረደ እንዳይሆን ብቻ!» አለ ለቀልድ።

«ታርዷል» አለችው። «አጥማጁ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። እኔ አማተብኩበት። እናትህ ቢስሚላህ ብላ በላች። ከአንድ ትሪ ነው።»

የልጄን ፊት ባያችሁት! አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ መዳፏን ያያል። ድንኳን ተካዮቹም ገመዳቸውን ይዘው ቆሙ።

«ታዲያ...» አለ፣ «ታዲያ ዓሣው የማን ሆነ? የእስላም ነው የክርስቲያን?»

ሸዋረገጥ የሹራቧን ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

«የረይሃና ነዋ» አለችው። «ሰርጉ የማን መሰለህ?»

ፋሂም አፉን ዘጋ። ምሎ ነበርና ዘጋ። እኔም ወደ ድንኳን ተካዮቹ ዞሬ፣ የእኔና የሸዋረገጥ ትሪ መሃል ላይ፣ ሙሽራዋ ፊት ለፊት እንዲሆን ቦታውን አሳየኋቸው። በሩ አጠገብ ምንም እንዳታስቀምጡ አልኳቸው። ኬክ የሚፈልግ ካለ ፋሂም ቆሞ ይብላ።