የአራተኛዋ ፍሪጅ ረድፍ

እኔ ቁጡ ነኝ። እናቴ «አንቺን የወለድኩ ቀን ምጡ ራሱ ተቆጥቶ ነበር» ትለኛለች። ስለዚህ ያን ሐሙስ ስብሰባ ላይ መጮኼ ማንንም አልገረመም። የገረማቸው የጮኽኩት በራሴ ላይ መሆኑ ነው።

የምሠራው ክትባት የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፕሮግራም እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ፍሪጆች አሉን። የየፍሪጁ ቴርሞሜትር በየሰዓቱ ሙቀቱን ይልካል፣ የኔ ፕሮግራም ተቀብሎ በሰንጠረዥ ይደረድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ፍሪጅ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዓምድ። ከስምንት ዲግሪ በላይ ለሰዓታት የሞቀ ክትባት ይጣላል፣ ይቃጠላል። ሕጉ ይኸው ነው።

ፍሪጆቹን የሚጠብቁት እትዬ በረዶ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሹፌሮቹ ናቸው፤ የፍሪጅ በር ከፍቶ የሚያወራ ሰው ካዩ ምላሳቸው ከፍሪጁ ይብስ ያደርቃልና። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታቸው አምስት ወር ቀርቶታል። ማሽኑ ከገባ በኋላም በየሰዓቱ እየዞሩ ቁጥሩን በደብተር መጻፍ አልተዉም። «እትዬ፣ ማሽኑ ይጽፈው የለም እንዴ?» ስላቸው «ይጻፋ! እኔ መቼ ከለከልኩት?» ይሉኛል።

አንድ ማክሰኞ የአራተኛዋ ፍሪጅ ሶኬት ላልቶ ኖሮ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሞቀች። እትዬ ሲደርሱ ሶኬቱን መልሰው ሰኩ፣ እስክትቀዘቅዝም በየሰዓቱ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ ብለው ጻፉ፣ ሦስት ካርቶን ክትባትም አውጥተው እንዲቃጠል ላኩ። ከሁለት ወር በኋላ ቆጠራ መጣ። ማሽኑ ሲታይ የአራተኛዋ ፍሪጅ ረድፍ ለዚያ ማክሰኞ አምስት፣ አምስት፣ አምስት ይላል። እና ሦስቱ ካርቶን የት ገባ? እትዬ የማቃጠያው ወረቀት አለ ቢሉ፣ «ባዶ ካርቶን አቃጥለው ክትባቱን ሸጠውት ይሆናላ» ተባለ።

አለቃዬ እኔን ጠራኝና «ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል?» አለኝ። አፌን ሞልቼ «ማሽን አይዋሽም» አልኩት። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ሃያ ስድስት ዓመት የታመነች ሴት ሌባ ሆነች።

አለቃዬ ወረቀት አዘጋጀ። «የአራተኛውን ፍሪጅ ሙቀት በስህተት መዝግቤአለሁ፤ ለጠፋውም ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል። እትዬ ከፈረሙ በዝምታ ይሰናበታሉ፣ ካልፈረሙ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። «እጄን ቁረጡት እንጂ አልፈርምም!» አሉ። ቢለምን፣ ቢያስፈራራ፣ ወይ ፍንክች!

ረቡዕ ጠዋት ቢሮዬ መጡና ደብተራቸውን ኪቦርዴ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ማሽን አይዋሽም ብለሻል አሉ። እውነትሽን ነው፤ የነገሩትን ነው የሚናገረው። አንቺ ምን ብለሽ እንደነገርሽው ግን እስቲ እዪልኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ደሜ ፈላ! ላሳፍራቸው ቆርጬ ተነሳሁና የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩ።

ለአለቃዬ የሠራሁለት የግራፍ ገጽ አለች። የፍሪጅ በር ሲከፈት ቁጥሩ ድንገት ስለሚዘል፣ ግራፉ እንዳያስጠላ ፕሮግራሙ የአንዱን ፍሪጅ ረድፍ ገልብጦ፣ ቅጂው ላይ ከፍ ያለውን ቁጥር ከአጠገቡ ካሉት ሰዓታት ቁጥሮች ጋር አማክሎ ዝቅ ያደርገዋል። ዋናው ሰንጠረዥ መነካት የለበትም። እኔ ግን ረድፉን አልገለበጥኩትም። ከሰንጠረዡ ጠራሁትና «ቅጂ» የሚል ሌላ ስም ሰጠሁት፣ በቃ። ሰውን በቤት ስሙም ጥሩት በመዝገብ ስሙ፣ ሲመቱት የሚያመው ያው አንዱ ሰውዬ ነው። አንድ በአንድ ቁጥሮቹን ወደ አዲስ ረድፍ ማሻገር ነበረብኝ። ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው፣ እኔ ደግሞ ለጀማሪዎች የማስተምረው!

ሞከርኩት። መሞከሪያው ላይ አሥራ ሁለት ጻፍኩ፣ ግራፉን ከፈትኩ፣ ተመልሼ ሰንጠረዡን ሳየው ዘጠኝ ሆኗል። ደግሜ ከፈትኩ፤ ሰባት። አለቃዬ ያቺን ገጽ ይወዳታል፣ በየጠዋቱ ነው የሚከፍታት። ሁለት ወር ሙሉ በከፈተ ቁጥር የዚያን ማክሰኞ ሙቀት ሲያበርደው ከርሟል። ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። አፈርኩ፣ እውነት ለመናገር በጣም አፈርኩ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አይገባውም።

«ቀስ ብለሽ አስተካክዪውና ዝም በይ» አለኝ። «ሌሎቹ መጋዘኖች ፕሮግራሙን ሊወስዱት ነው። እድገትሽም አብሮ አለ።»

«እትዬስ?»

«እሳቸው ጡረታቸው ደርሷል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ደግሞስ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ስህተቱ የኔ ነዋ!» ብዬ በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ፋርማሲስት ናት፤ ከወረቀት ቀና የማትል፣ ጥብቅ ሴት። እትዬ በረዶ ንጹሕ ነጭ ገዋናቸውን ለብሰው፣ ትልቅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ፊታቸው ነው። እኔ ሳልጠራ ገባሁና ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«አንድ የሙቀት ቁጥር ይጥሩልኝ» አልኳት ሰብሳቢዋን።

ግራ ገብቷት «አሥራ አራት» አለች። ጻፍኩት። ግራፉን ከፍቼ ወደ ሰንጠረዡ ተመለስኩ። አሥር።

«ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ከስብሰባው በኋላ...» አለ አለቃዬ።

«አሁን!» ብዬ ጮኽኩ። «ሌባ የምትፈልጉ ከሆነ ይኸው ቆሜላችኋለሁ! ቁጥሩን ከሰንጠረዡ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። እኚህ ሴት ያዩትን ጻፉ፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ያዩትን አጠፋ። እሱም ከትናንት ጀምሮ ያውቃል!»

አለቃዬ ጣራ ጣራውን አየ። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ታዲያ በስምንት ወር ከአሥራ ሁለቱ ፍሪጅ የትኛው መቼ እንደሞቀ፣ የሞቀ ክትባት ለሕፃናት ይውጣ አይውጣ፣ አሁን ማን ያውቃል?»

እስከዚያች ደቂቃ የተጨነቅኩት ለእትዬ ብቻ ነበር፤ ሕፃናቱን አላሰብኳቸውም።

እትዬ በረዶ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ደብተር አወጡ። ሌላ ደብተር፣ ሌላም። ስምንት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«አራት ጊዜ ሞቀ፤ የፊተኞቹን ሦስት ቆጣሪዎቹ በወረቀቱ አምነው አለፉ። አራቱንም ጊዜ አቃጠልኩት» አሉ። «አንድም የሞቀ አልወጣም፣ እኔ እያለሁ!»

ሰብሳቢዋ የመጀመሪያውን ደብተር ገልጣ ለረጅም ጊዜ አነበበች።

እኔ ያን ወረቀት ከእትዬ ፊት ሳብኩት። «በስህተት መዝግቤአለሁ፤ ለጠፋውም ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።» አንድ ቃል የሚቀየር አልነበረውም። የሳቸውን ስም ሰረዝኩ፣ የኔን ጻፍኩ፣ ፈረምኩና ለአለቃዬ ሰጠሁት። እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ።

እትዬ አላመሰገኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። ደብተሮቻቸውን እየሰበሰቡ፣

«ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነይ» አሉኝ። «እኔ አነብልሻለሁ፣ አንቺ አንድ በአንድ ትገለብጪያለሽ። የፍሪጅ በር ከፍተሽ ስታወሪ እንዳላይሽ ብቻ።»