የሄሰል ጣትና የሚንቼ ግራ እጅ

ይህ ታሪክ ከነነፍሱ እውነት ነው፤ ብዋሽ ምላሴ ይታሰር። ውሸታም የሚል ስም የወጣልኝ በቀልዴ ነው እንጂ በታሪኬ አይደለም።

ከሆላንዷ ከተማ ከሌውዋርደን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሄሰል የሚባል ጠባቂ ነበር። ሚስት አላገባም፤ ሚንቼ የምትባል ቺምፓንዚ ግን ነበረችው። ሁለት ኩባያ ይደፋና ባንዱ ሥር የወይን ፍሬ ይደብቃል። ከዚያ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ እዚያው በበሩ በኩል ወዳለው ኩባያ ጣቱን ይቀስራል። ሚንቼም በሽቦው መሃል እጇን ሰድዳ ያንኑ ታነሳለች። ጎብኚው ያጨበጭባል። ሄሰል ልጁ የተመረቀችለት አባት ይመስል አንገቱ ይረዝማል፤ "ጣቴን ሳይሆን ልቤን ነው የምታነበው" ይላል።

ሄሰል ራሱ ሥራውን ያስተማረው ሲትሴ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቅቤ በተቀባ ዳቦ ላይ የቸኮሌት ፍርፋሪ ነስንሰው ሲበሉ ሄሰል ጠጋ አለው።

"ምስጢር ልንገርህ? እመቤት ሚንቼ ግራኝ ናት። ማር ከቱቦ ስትጠነቁል በግራ፣ ስትማታም በግራ። ከቸኮለችማ ቀኝ እጅ እንዳላት ጭራሽ ትረሳዋለች።"

"ለሌላ ሰው ነግረሃል?"

"ላንተ ያልነገርኩትን ለማን ልነግረው፣ ወንድሜ?"

"እንግዲህ እኔ መቃብር ነኝ" አለ ሲትሴ አፉን እየጠረገ።

ብርዱ ሲገባ ሚንቼ ወደ ዴንማርክ እንድትዛወር ተወሰነ። አብሯት የሚሄደው አንድ ጠባቂ ብቻ ነው፤ ሄዶም እዚያው ይቀራል። ሄሰልም ሲትሴም "እኔ" አሉ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ፔትሮኔላ ሰው ማስቀየም አትወድም።

"እሷው ትምረጣ!" አለች። "በሁለቱም ኩባያ ሥር ወይን ይደረግ፤ ሁለታችሁም ጠቁሙ። የተከተለችው ጣት ባለቤት ይሄዳል።"

ሄሰል ሳቀ። ሻንጣውን ካዘጋጀ ሰንብቷል።

ከሽቦው ፊት ሲደርሱ ሲትሴ ጉልበቱን እያሻሸ አቃሰተ። "ሄሰል፣ ዛሬ እግሬ አላስቆም ብሎኛል። የበሩን መቃን ልደገፍ፣ ቅር ይልሃል?"

"ተደገፍ እንጂ! ስትሸነፍማ ወንበርም አመጣልሃለሁ።"

ቦታ ተለዋወጡ። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ኩባያ ጣቱን ቀሰረ። ሚንቼ የሄሰልን ጣት አየች፤ ፊቱንም አየች። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ የሲትሴን ኩባያ ገለበጠችና ወይኗን ጎረሰች።

ሄሰል ዞሮ በሩን አየ። በሩ ለካ ያለው በሚንቼ ግራ በኩል ነው! ያን ሁሉ ዘመን ጣቱን የተከተለች ሲመስለው፣ የተከተለችው የገዛ እጇን ነበር። "አጭበርብሮኛል!" ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ፔትሮኔላ "እንዴት አድርጎ?" ማለቷ አይቀርም። መልሱ ደግሞ "ሚንቼ እኔን ተረድታኝ አታውቅም" የሚል ነው። አፉን መልሶ ዘጋው።

ሲወጡ ሲትሴን ክንዱን ያዘው። "እኔው ነኝ አይደል የነገርኩህ?"

"አንተው ነህ" አለ ሲትሴ መሬት መሬት እያየ። "እኔም እወዳታለሁ እኮ፣ ሄሰል።"

በማግስቱ ሲትሴ እንደ አገሩ ደንብ ለሥራ ባልደረባ ሁሉ ኬክ ገዛ። እንደ ደንቡም ወዳጅ የደስታው ተካፋይ ነውና፣ ሰው ሁሉ እየመጣ የሄሰልን እጅ ጨበጠ።

"በሲትሴ እንኳን ደስ ያለህ!"

"መቼም ያንተው ጓደኛ ነው፣ ከባዕድ እጅ አልገባችም!"

"አመሰግናለሁ" አለ ሄሰል። "አመሰግናለሁ፣ አብሮ ደስ ይበለን።"

የሚንቼ የሽቦ ሳጥን መኪናው ላይ ሲጫን ሄሰል ራቅ ብሎ ቆመ። ሲትሴ ከጋቢናው ሆኖ "እደውልልሃለሁ!" አለው። ሄሰል እጁን ከኪሱ አላወጣም። መኪናው ሲነሳ ሚንቼ አንገቷን መልሳ፣ ሄሰል ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ትክ ብላ አየችው።

እውነቱን ለመናገር ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አላየችውም። ሲትሴ የሰጣትን ፖም እየገመጠች ነበር።