የዳሞታ አራቱ ዘማሪያንና በሕልም ያልተሰጠው ዜማ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከሰው ልቡና ጓዳዎች ሁሉ ጠባቡና ጨለማው እፍረት የተቆለፈበት ጓዳ ነው፤ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ በደጁ ዘብ ይቆማል፣ አሳዳጅ ሳይነሣበት ይሸሻል፣ ከሳሽ ሳይቀርብበት ይሟገታል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ብሂል ለባልንጀራ መምከር እንጂ በራስ ላይ መፈጸም ለማን ቀለለው? የሶዶው ዘማሪ ዘካርያስ ዳልኬ ምእመናንን በዚሁ ቃል ሲመክር ሠላሳ ዓመት ኖረ፤ የራሱን በሽታ ግን ለማንም አልነገረም።

እርሱና ሦስቱ ባልንጀሮቹ «የዳሞታ አራቱ» ተብለው የታወቁ፣ አንድ አኮርድዮንና አራት ጉሮሮ ይዘው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ሰርግ ቤት፣ ሲቀና በጭነት መኪና፣ ሳይቀና በእግር የደቡብን ምድር ያዳረሱ ትጉሃን ነበሩ። የመጀመሪያውን ካሴት ሊያስቀዱ በተሰናዱ ጊዜ አንድ መዝሙር ጎደላቸው። ዘካርያስ ሰባት ቀን ጾመ፣ ሰባት ቀን ጸለየ፤ ከሰማይ አንዳች አልወረደለትም። በስምንተኛው ቀን ግን አንድ ጥዑም ዜማ ከትዝታው ሥር ብቅ አለ፤ እርሱም በዘመነ ወጣትነቱ፣ ገና ሳያምን፣ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ጥጥ ሲለቅም በአንድ ጠጅ ቤት የሰማው፣ ብርሌን በክራር የሚያወድስ ዘፈን ነበር። ብርሌውን አውጥቶ ምስጋናን አገባበት። አኮርድዮን ተጫዋቹ ኢዮኤል «ከየት አገኘኸው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ምላሱ ከኅሊናው ቀድማ «በሕልም ተሰጠኝ» አለች።

መዝሙሩም ተወደደ፤ ሐዘንተኛውን አጽናና፣ ሰካራሙን ከጠጅ ቤት አስወጣ፣ የወጣበትን ቤት ደንበኞች አንድ በአንድ ነጠቀ። ዝናው በገነነ ቁጥር የዘካርያስ ጭንቀት ገነነ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ማኅበር ዓለማዊ ዘፈንን እንደ እሳት የሚሸሽ፣ በሰርግ ላይ ትከሻውን የነቀነቀውን እንኳ ከአገልግሎት የሚያግድ ነበርና። በሠላሳኛው ዓመት በዓላቸው ሽማግሌዎቹ «ያንን ሕልም በጉባኤው ፊት መስክር» ብለው ባዘዙት ጊዜ በሁለት ገደል መካከል ቆመ። ቢናገር ከመድረክ ይወርዳል፣ ያልበደሉት ባልንጀሮቹም ስማቸው ይጎድፋል፤ ባይናገር በእግዚአብሔር ቤት ቆሞ ዳግመኛ ይዋሻል። በዋዜማው ጧት፣ በጥብቅነታቸው ወደሚፈሩት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወደ አቶ ሞሊሶ ጉታ ሄደ፤ ሽማግሌውንም በእንሰታቸው መካከል ቆመው አገኛቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ሕልም አላየሁም» አላቸው። «ዜማው የጠጅ ቤት ነው። ከጥጥ እርሻው ማዶ አንድ ክራር ደርዳሪ ሲጫወተው ሰምቼ ነው። እኔን ያግዱኝ፤ ጓደኞቼ ግን አያውቁምና ይተዉልኝ።»

አቶ ሞሊሶ ወደ እርሱ ዞረው ጠየቁት፤ «የክራር ደርዳሪውን ፊት አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ቤቱ ጭስ ነበር፤ እኔም ጠጥቼ ነበር።»

«እኔ ነበርኩ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ራሳቸውም ደንግጠው። «ካሴታችሁ የመጣ ዕለት ከመጀመሪያው ስንኝ አወቅሁት። ልናገር ብል ‹አንተስ የት ታውቀዋለህ?› ልባል ነው! ባለቤቴ እንኳ ክራር መያዜን አታውቅም። መዝሙሩ ሲጀመር ሽማግሌው በመንፈስ ተነክቶ አጎነበሰ ትላላችሁ፤ እኔ እኮ በራሳቸው የሚደረድሩትን ጣቶቼን መደበቄ ነበር።»

ዘካርያስ ሊያለቅስ ቃጥቶት ሳቀ፤ ሽማግሌውም በምርኩዛቸው ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉና «ዜማው ከእኔ ጋር ንስሐ ገብቷል፤ ሕልሙ ግን ውሸት ነው። ነገ ትናገራለህ፤ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ» አሉት።

በማግሥቱ ሁለቱም በታላቁ ጉባኤ ፊት ቆመው ምንም ሳያስቀሩ ተናዘዙ።  ወዲያውም የአቶ ሞሊሶ ባለቤት ከሴቶቹ ረድፍ ተነሥተው «በእንቅልፍዎ ብርድ ልብሱን እንደ ክራር ሲደረድሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፤ ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?» ቢሉ ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ኢዮኤልም አኮርድዮኑን እያነሣ «እኔስ? እግዚአብሔርን ያንተን ዓይነት ሕልም ስጠኝ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ጾምኩ!» ብሎ ዘካርያስን ትከሻው ላይ መታው፤ ይቅርታውም ይኸው ነበር። ስለ ሐሰተኛው ሕልም ዘካርያስ ሦስት ወር ከመድረክ እንዲያርፍ ተወሰነበት፣ ነገር ግን አስቀድሞ መዝሙሩን እንዲዘምር ለመኑት። ዘመረውም፤ ደረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት ተከፈተ፣ ደስታውም ድምፁን እስኪያቋርጠው በረታ፣ አቶ ሞሊሶም ጣቶቻቸውን በአደባባይ ለቀቋቸው። ሰው ምሥጢሩን ሲሸከም ብቻውን የተሸከመ ይመስለዋል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ የሸክሙን ሌላ ጫፍ ይዞ የሚያቃስተው ያው የሚፈራው ሰው ነው።