ቀድሞ የነቃ

«የሞተ ሰው እንዴት አንድ ቁጥርን ይጫናል? እስኪ ንገሪኝ፣ የዝና» አለ ወንደሰን፣ ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ። «ከቀበርነው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከነጂው ሁሉ ቀድሞ ‹ዝግጁ ነኝ› ይላል።»

«ስልኩን የያዘ ሰው ይኖራል።»

«ደወልኩ። አንስቶ ዝም አለ። ነገ አገልግሎቱ ሲከፈት ምጥ የያዛት ሴት ብትደውል መጀመሪያ የምትላከው ወደ እሱ ነው። መንገድ ዳር ቆማ ሬሳ ትጠብቅ? ሰርዢው።»

ወንደሰን ልበ ደረቅ አልነበረም፤ መቃብሩ ሲቆፈር አካፋውን ከእጁ የነጠቀው ሰው የለም። ነገር ግን ጤና ጣቢያዎቹ የጥሪ ቁጥሩን ለነፍሰ ጡሮች አስታውቀዋል፤ ቀን ማዘዋወር አይቻልም። ስም መሰረዝ የምትችለው ደግሞ የዝና ብቻ ናት። ቤተሰቡን ሳታይ እንደማትነካው ነገረችው። እስኪነጋ ድረስ ሊጠብቃት ተስማማ።

«ድረስ» የሚሉትን ይህን አገልግሎት ያመጣው ሟቹ ዐብዱልቃድር ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ የዝናን ወደምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ያመላልሳት ነበር። እህቱ መንገድ ላይ፣ እዚያው ባጃጁ ውስጥ በወለደች ማግስት ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላ ወደተቀመጠችው የዝና ዞረ። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ይል ነበር፤ የዝናም አርማው አታውቅም።

«አስተማሪ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ። አሶሳ ባጃጅ ሞልቷል፤ ሰው ሲቸገር ግን ሁሉም ተኝቷል። የነቃውን የሚያውቅ ስልክ ሥራ።»

ወንደሰን ተጨምሮ ሦስት ሆነው ሠሩት። ጎሕ ሲቀድ ፕሮግራሙ ለነጂዎቹ ሁሉ ይደውላል፤ በዐብዱልቃድር ድምፅ፣ በበርታም በአማርኛም፣ «ተነስተሃል? ከተነሳህ አንድን ተጫን» ይላል። ቀድሞ የተጫነ የዕለቱ አንደኛ ተረኛ ነው። በሙከራው ጊዜ ሁሉ የሚቀድመው ራሱ ዐብዱልቃድር ነበር፤ የገዛ ድምፁን እየሰማ ይስቃል። ባጃጁ ጋራዥ የገባበት ነጂም እንዲደወልለት ያስደረገው እሱ ነው። ወንደሰን ከንቱ ድካም ነው ብሎ ቢከራከር፣ «ባጃጁ ተበላሸ እንጂ ሰውዬው አልተበላሸም፤ ካልተጠራ ይረሳል» ብሎ ረታው። ከዚያ ወዲህ ከስሙ ጎን «ጋራዥ» የተባለለት ሰው ይደወልለታል፤ ተሳፋሪ ግን አይላክለትም።

ዐብዱልቃድርን የወሰደው ወባ ነው። ስንቱን ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው፣ «ነገ እነሳለሁ» እያለ ሳይሄድ ቀረ።

የዝና ከሐዘንተኞቹ ሴቶች ጋር ሰሌን ላይ አደረች። ሻይ የምታቀብለውን ጎረቤት፣ አስረሳሽን፣ የሟቹ ስልክ የት እንደገባ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። አስረሳሽ በዓይኗ ወደ እናቱ አመለከተቻት፤ ማንም ደፍሮ እንዳልጠየቃትም ነገረቻት።

ጎሕ ሲቀድ እናቱ ከተከናነበችው ቶብ እጥፋት ውስጥ ብርሃን ፈነጠቀ። ስልኩ አንዴ ጮሆ ሳይጨርስ አነሳችው። የዐብዱልቃድር ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሰሌኑ ላይ ከነበሩት አንዷ አፏን በልብሷ አፈነች። እናቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንድን ተጫነች።

የዝና የራሷን ስልክ አየች። ዐብዱልቃድር፣ አንደኛ ተረኛ። ከሥሩ የወንደሰን መልእክት ገባ፦ «ሰረዝሽው?»

የመጣችበትን ልትናገር ስትል እናቱ ቀደመቻት። «ሰማህ?» አለቻት። «ጠዋት ጠዋት ይጠራል። ‹ተነስተሃል› ይላል። እኔ ቀድሜ ተነስቼ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገም ይጠራል?»

የዝና ጣት «ሰርዝ» ከሚለው ላይ ቆሞ ነበር። ጣቷን ወደ ታች አወረደችና «ጋራዥ» የሚለውን ነካች። ስሙ ወደ ግርጌ ወረደ፤ ምንያህል የሚባለው ነጂ አንደኛ ሆነ። ለወንደሰን «ክፈተው» ብላ ጻፈች።

«ይጠራል» አለቻት።

እናቱ ስልኩን በቶቧ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው። ከውጭ የአዛን ድምፅ ሲሰማ ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ተነሱ። የዝና ደጃፍ ላይ ከተከመረው ጫማ መሃል የራሷን ፈልጋ ኮቴዋ እንዳይሰማ በእጇ ያዘች። አጥሩ ሥር ባጃጁ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ነፋስ የገለበውን የሸራውን ጫፍ መለሰችና በባዶ እግሯ ወጣች።