ጉንዳን የሚያህሉ ተጋጣሚዎች

በኩባዋ ካማጉዌይ ከተማ የቦክስ ማሠልጠኛ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሚሬልዳ ቦክሰኞቹን ቀጣይ ተጋጣሚያቸውን እንዲስሉ አዘዘች። በቡጢ እኩል ስለሆኑ ለሃቫናው ብሔራዊ ቡድን የሚያልፈውን አንድ ሰው የሚለየው የእሷ ምርመራ ነበር። ሥዕሎቹን ስትሰበስብ ሳቋ መጣ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ጉንዳን የሚያህል ሰው ስለዋል። አሠልጣኙ ኤውስታኪዮ «ተጋጣሚውን አሳንሶ የሳለ ደፋር ነው» የሚለውን ወሬ ከየት እንደለቀመው አታውቅም፤ ልጆቹን ማስጠናቱ ግን አልጠፋትም።

ኦርላይዲስ ብቻ ወረቀቱን የሞላ ግዙፍ ሰው ስሏል።

«አየሽው ዶክተር? ፈሪ ነው! እየነገርኩት፤ ደደብ!» አለ ኤውስታኪዮ።

«ለምን እንዲህ አገዘፍከው?» ስትል ልጁን ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ የሳንቲያጎው ልጅ እኮ በር አይበቃውም። ሲደክመው ደግሞ ግራ እጁን ያወርዳል፤ ይኸው። አሳንሼ ብስለው የቱ ጋ ልምታው?»

ሚሬልዳ ሥዕሉን አስተውላ አየችው፤ ግራ እጁ እውነትም ከአገጩ ወርዷል።

«የሚሄደው እሱ ነው» አለች።

«በአንድ ሥዕል?» አለ አሠልጣኙ።

«የሌሎቹን የሳልከው አንተ ነህ፣ ጋሼ። አንተን እንዳልልክ ደግሞ ዕድሜህ አልፏል።»