ከዳክዬዎቹ ሥር ያለው ቋጠሮ

አካኔ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ቺዙሩ ክው አሉ። ወረቀት ከጀርባው እየተጫኑ ምስል የሚያወጡበትን፣ ጫፉ ድብልብል የሆነውን የአጥንት ዘንግ እንደያዙ፣ ግማሹ የጥድ ቅርንጫፍ ወረቀቱ ላይ እብጥ ብሎ ወጥቶ ሌላው ግማሽ እንደቀረ፣ ሥራቸውን አቆሙ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከየት ይመጣል፣ ከእኔው መሳቢያ ነዋ! ምነው እማማ፣ የገዛ ሥራዎን ረሱት እንዴ?»

እንኳን ሊረሱት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያስቡት የዋሉበት ቀን የለም። ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ ከጀርባ ተጭነው ያወጧቸው ጥንድ ዳክዬዎች፣ ከዳክዬዎቹ ግራና ቀኝ ብቅ ያሉ ቀይና ወርቃማ የወረቀት ክሮች። ጫፎቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ክሮቹ የተቋጠሩበትን ቦታ ዳክዬዎቹ የወጡበት፣ ዙሪያውን የተለጠፈ ወረቀት ከድኖታል። ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቺዙሩ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ፣ መስኮቷ መንገዱን በምታይ ጠባብ ክፍል የመልካም ምኞት ካርድ በእጃቸው መሥራት ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲያገባ፣ በሽተኛ ሲድን የሰፈሩ ሰው ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶች ያስተምራሉ። ምላሳቸውን ፈርተው የቀሩ ተማሪዎች ሞልተዋል፤ በእጅ ሥራቸው ግን ማንም አምቷቸው አያውቅም።

አካኔ የልጃቸው የሹጎ ሚስት ነበረች። ሹጎ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው። ልጅ አልወለዱም፤ አማቷን የምትጠይቅበት ግዴታም አልነበረባትም። ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሩን ገፋ አድርጋ «አለሁ!» ትላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ለቺዙሩ በዓለም ላይ የቀራቸው ሰው ቢኖር ይኼ ድምፅ ነው።

አሁን ደግሞ ልታገባ ነው። ሰውዬው ሴይጂ ይባላል፣ ገበያው ውስጥ ዓሣ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ባለፈው ወር ስትነግራቸው ቺዙሩ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያሉት ከአንገት በላይ ነበር፤ ከልባቸው ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ዛሬም ሴይጂ በአካኔ እጅ ሁለት ሸርጣን ልኮላቸዋል። ሰውዬው አማት እንዴት እንደሚያዝ ሳያውቅ አልቀረም።

«የእኛንም የሠርግ ካርድ እርስዎ እንዲሠሩልኝ ነው የምፈልገው» አለች አካኔ እግሯን አጣጥፋ እየተቀመጠች። «ልክ እንደዚህኛው። ቋጠሮውም ያው ራሱ ይሁንልኝ።»

«አዲስ እሠራልሻለሁ። ከዚህ የሚያምር።»

«አይ፣ ይኼንኑ ነው የምፈልገው። ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፣ እማማ። ለሁለተኛ ጊዜ ለምታገባ ሴት የቱ ነው የሚቋጠረው? መቼም ተደግሟልና፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጫፉን ሲስቡት የሚፈታው ይሁንልኝ?»

«ወግጂ! አፍሽን ያዢ!» አሉ ቺዙሩ። «የሚፈታው ለልደት ነው፣ ለሹመት ነው፣ ቢደጋገም ለማይጠላ ነገር ነው። ለሠርግ ሲጎትቱት የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛሽም ይሁን መቶኛሽ!»

አካኔ ሳቋን ለቀቀችው። ቺዙሩ ግን የገዛ ድምፃቸው ጆሯቸው ላይ ጮኸባቸው። ለዚህችው ሴት፣ በገዛ ልጃቸው ሠርግ፣ የሚፈታውን የቋጠሩት እሳቸው ነበሩና።

በስህተት ቢሆን ኖሮ እንዴት በተሻለ! ያኔም ሠላሳ ዓመት የቋጠረ እጅ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም። አካኔ ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረች። ከሹጎ በአራት ዓመት ትበልጣለች። ከአማቷ ጋር ልትተዋወቅ የመጣች ዕለት ሲጋራዋን ከጆሮዋ ኋላ ሰክታ ነው የገባችው፣ መርሳቷ ነበር። ቺዙሩ ለልጃቸው ያሰቡት የወረቀት ነጋዴውን ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሹጎ «እሷ ካልሆነች ማንም አትሆንም» አለ። ቺዙሩ ፈገግ ብለው እሺ አሉ፤ ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው አምስቱን ክር አንድ ላይ ይዘው፣ እያወቁ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚፈታውን ቋጠሩ። ሙሽራን ፊት ለፊት «ቶሎ ተፋቺና ሌላ ፈልጊ» ከማለት በምንም አይተናነስም። ዳክዬዎቹን ከላይ ከድነው ዙሪያውን በሩዝ ሙጫ ለጠፉት። ካርዱንም ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ለሙሽሮቹ ሰጡ። ያዩት ሁሉ «ቋጠሮውን መሸፈናቸው! እንዴት ያለ ጨዋነት ነው!» እያሉ አደነቁላቸው።

በአራተኛው ዓመት ሹጎ ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ሳለ ወደቀ። ሐኪሙ የጭንቅላት የደም ሥር ፈንድቶበት ነው አለ። ቺዙሩ ሐኪሙን አላመኑም። ያንን ቋጠሮ ማን እንደቋጠረው እሳቸው ያውቃሉ። ለማንም ሳይተነፍሱ ይኼው ሰባት ዓመት።

ዛሬ ያ ክዳን ከተነሣ ደግሞ እሑድ የሚባል ቀን አይኖራቸውም።

«እስቲ እንክፈተውና እንየው» አለች አካኔ። «አሥራ አንድ ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ከዳክዬዎቹ ሥር ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም እኮ። ሹጎ ክዳኑን አትንኪው ይለኝ ነበር።»

«ይቀደዳል።»

«የሩዝ ሙጫ በእንፋሎት ይለቃል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አርጅቷል። ወረቀቱ ይበላሻል። ተይው ብዬሻለሁ!»

«ኧረ ምን ሆነዋል ዛሬ? ቀስ እላለሁ» አለችና ካርዱን አንሥታ፣ ለሻይ የተጣደችው ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ያዘችው።

ቺዙሩ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ግን ከምራታቸው ጋር ካርድ ሊነጣጠቁ ነው? እጃቸውን መለሱ። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። እንፋሎቱ ዳክዬዎቹን ሲያረጥብ ቁጭ ብለው አዩ። በልባቸው ቆጠሩ፤ ሃያ፣ ሠላሳ። የእሳቸው ሙጫ ከሠላሳ አያልፍም። ስልሳ ደረሱ። ዘጠና።

«አይለቅም» አለች አካኔ።

«እንዴት አይለቅም?»

«ሙጭጭ ብሏል። ይኼው ይዩት።»

ቺዙሩ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። የክዳኑ ጠርዝ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ፣ ቢጫ የሆነ ነገር ወጣ ወጣ ብሎ ደርቋል። በጥፍራቸው ፋቁት። የሩዝ ሙጫ አይደለም። ልጆች ለትምህርት ቤት የሚገዙት፣ ከላስቲክ ጠርሙስ የሚጨመቀው ነጩ ሙጫ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቺዙሩ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ሰው ከፍቶታል። ከፍቶ መልሶ ለጥፎታል።

ቀና ብለው አካኔን አዩ። ታውቅ ነበር ማለት ነው? ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቀች፣ እዚህ ተቀምጣ ሻያቸውን እየጠጣች፣ «አለሁ!» እያለች? ዛሬስ ካርዱን ይዛ የመጣችው ፊታቸውን ልታይ ነው?  አካኔ ግን አፏን ከፈት አድርጋ የምትጠብቀው ስጦታ እንደሚከፈትለት ሰው ነበር።

«ተበላሸ እንዴ?»

ቺዙሩ የወረቀት መቁረጫ ቢላቸውን አንሥተው ጠርዙን በሦስት በኩል ቆረጡ። ከዚህ ወዲያ መሸሺያ የለም። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ውይ!» አለች አካኔ። «እንዴት ያምራል! ምን ሆነው ነው የሸፈኑት?»

ዓይናቸውን ገለጡ።

የሚጠብቀው ቋጠሮ ነበር።

«የለም» አሉ ቺዙሩ። «የለም፣ የለም። ይኼ የእኔ አይደለም።»

«የማን ይሁን ታዲያ?»

አንዱን ጫፍ ሳብ አደረጉት። ጠበቀ። ሌላውንም ሳቡት፤ ጠበቀ።  ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ክሩን አንድ በአንድ አዩት። ክሩ የእሳቸው ነው፤ አምስቱም፣ ሦስት ቀይ ሁለት ወርቃማ። የወረቀት ክር ደግሞ አንዴ ከታጠፈ አይረሳም። የሚፈታው የድሮ ቋጠሮ ሁለት ቀለበቶች የነበሩበት ቦታ ላይ ያው እጥፋቱ አለ፣ ሁለቱም ጋ። ያንን የፈታ ሰው በዚያው ክር ይኼን ቋጥሯል። አካሄዱም ተገላቢጦሽ ነው፤ ከቀኝ መጀመር ያለበት ከግራ ይጀምራል።

ይኼን ተገላቢጦሽ ያውቁታል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እዚህችው ጠረጴዛ ላይ በግራ እጁ ሲቋጥር «በቀኝህ! በቀኝህ አላልኩህም?» እያሉ እጁን ስንቴ መተውታል! ልጁ አልሰማቸውም፤ ሲያድግም አልለወጠውም።

ሹጎ ነው።

እናቱ ቋጠሮ ሸፍነው እንደማያውቁ ከሹጎ በላይ ማን ያውቃል? ከዳክዬዎቹ ሥር ምን ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሮ ነው የከፈተው። አይቶታል። እናቱ በሠርጉ ላይ ምን እንደተመኙለት በዓይኑ አይቶ፣ ፈቶ፣ አስተካክሎ፣ በማይረባ ሙጫ መልሶ ለጥፎ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ እራቱን እዚሁ በልቷል። አንድ ቀን አኩርፎ አያውቅም። ሳህኑን ራሱ ያጥብ ነበር።

ቺዙሩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዝም ቢሉ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ቋጠሮው ትክክል ነው፣ አካኔ ምንም አላየችም፣ እሑድም ይቀጥላል። ይኼንን አስበውታል፤ አላሰቡትም ብል ዋሸሁ። ግን ልጃቸው አራት ዓመት የተሸከመውን እንደገና በሌላ ክዳን መሸፈን አቃታቸው።

«የሚፈታውን ነበር የቋጠርኩልሽ» አሉ።

«ምን?»

«ለሠርጋችሁ። እያወቅኩ። እንድትለያዩ ብዬ። ይኼን የቋጠረው ሹጎ ነው፤ የእኔን ፈቶ። ይኼውልሽ እጥፋቱ።»

አካኔ ካርዱን ተቀብላ አየች። ክሩን በጣቷ ነካችው። ሳቅ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ ቺዙሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነበር፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ ስለ ሹጎ ቀልድ እያወራች ሰዉን ስታስቅ የዋለች ሴት ናት።

«እንድንለያይ» አለች።

«አዎ።»

«እሱም ያውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ካርዱን አስቀመጠች። ተነሣች። ኮቷን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፤ ደፉ ላይ ተቀምጣ አንዱን ጫማዋን አጠለቀች። ቺዙሩ አልጠሯትም። በምን አፋቸው? ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። ማንቆርቆሪያው እየፈላ ነው፣ የሚያወርደው አልነበረም።

ሁለተኛው ጫማ ግን ቆየ።

«አንድ ማታ» አለች አካኔ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሹጎ ሁለት ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀውበት መጣ። ነጭ ሙጫ። በሳቅ ልሞት ነበር። ምን ስትሠራ ነው አንተ ሰውዬ? አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«እናቴን እያገዝኳት ነው አለኝ። አንድ ነገር ረስታ ነበር፣ ሰው ሳያይባት ላስተካክልላት ብዬ ነው አለኝ።»

ቺዙሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ሰባት ዓመት ያላለቀሱት ለቅሶ በአንድ ጊዜ መጣ። ረስታ! በሰባ አንድ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ምሕረት ሰምተው አያውቁም፤ የማረው ልጅ ደግሞ አጠገባቸው የለም።

ከፊታቸው የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ቀና አሉ። አካኔ ማንቆርቆሪያውን አውርዳ፣ አንድ እግሯ ላይ ጫማዋን እንዳጠለቀች ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። በደህናው ቀን ቢሆን ምንጣፉን በጫማ ስለረገጠች ብቻ ቤቱን ይቀውጡት ነበር። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ተናድጃለሁ» አለች።

«ይገባሻል።»

«ገና ብዙ እናደዳለሁ። የሴይጂን ሸርጣን ይዤው ልሄድ ሁሉ ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «የኔን ግን እዚሁ ነው የሚቋጥሩት። አሁን። ዓይኔ እያየ። ክዳን የሚባል ነገር አልፈልግም።»

ቺዙሩ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሣጥናቸውን ከፈቱ። ሦስት ቀይ፣ ሁለት ወርቃማ። በጣታቸው አሽተው አለሰለሷቸው። በቀኝ ጀመሩና ቆሙ። ፈቱት። በግራ ጀመሩ። አርባ ዓመት የለመደው እጅ ሁለቴ ተሳሳተ፤ አካኔ አንዴም ዓይኗን አልነቀለችም። በሦስተኛው ያዘ።

ጫፎቹን ወደ እሷ ገፉላት።

«ጎትቺው» አሉ።

አካኔ ሁለቱንም ጫፍ በሁለት እጇ ጠቅልላ ያዘችና፣ የጭነት መኪና ገመድ እንደምትወጥር ሁሉ፣ ባላት ጉልበት ጎተተችው።