ቀይዋ ነጥብ

ፀጉር አስተካካዩ ቀኑን ሙሉ በመስተዋት ውስጥ ከደንበኞቹ ጋር ዓይን ለዓይን ሲተያይ ይውላል። የገዛ ልጁ ግን በሰባት ዓመቷ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን አይታው አታውቅም። ወደ ኦቲዝም ጥናቱ ያመጣትም ሚስቱ ስለነዘነዘችው እንጂ ወዶ አልነበረም።

አጥኚዋ ልጅቷን ስክሪን ፊት፣ እሱን ከኋላዋ አስቀመጠች።

«አባቷ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳይሉ» አለችው።

ፊልሙ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ማሽኑ የልጅቷ ዓይን ያረፈበትን ሁሉ በቀይ ነጥብ ይመዘግባል። ሲያልቅ አጥኚዋ ኮምፒውተሯን አይታ ግራ ገባት። ነጥቦቹ በሙሉ ስክሪኑ ጥቁር በሆነበት ጥግ ላይ ተከምረዋል።

«ማሽኑ ሳይሳሳት አይቀርም። እዚህ ጋ እኮ ምንም የለም።»

«ማሽኑን ምን አስወቀሰው? ድሮም ምንም ነው የምታየው!» አለ ሆድ ብሶት።

ጫማዋን ሊያስርላት ከጎኗ በርከክ ሲል ግን ዓይኑ የስክሪኑ ጥቁር ጥግ ላይ አረፈ። አሁን የተነሳበት ባዶ ወንበር፣ አጥኚዋ ማጥፋት ከረሳችው መብራት ሥር፣ መስተዋት ውስጥ እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስተዋት እንጀራው ነውና ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገውም።

«እስቲ ድጋሚ ክፈቺው» አለ፤ ተመልሶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በአጥኚዋ ኮምፒውተር ላይ ቀይዋ ነጥብ ኳሱን አልፋ፣ ልጆቹን አልፋ፣ ጥጉ ላይ ደረሰችና ቀጥ አለች።

ፀጉር አስተካካዩ እንባው በአገጩ ሲወርድ እንኳ ትንፍሽ አላለም።